ቁርጡን እስክናውቅ

ዝምታ ደመወዝ የሚከፈላት ለመሸነፍ ነው። ሰው ስልኩ ላይ ዳማ ሲጫወት ከወዲያ በኩል የሚመልስለት ፕሮግራም አለ፤ ያ ፕሮግራም መቼ እንደሚሳሳት የምትወስነው እሷ ናት። ሁለት ጊዜ የተረታ ሰው ሦስተኛውን ካላሸነፈ ተናዶ ሌላ ጨዋታ ይከፍታል። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ ፕሮግራሙ እንዳላየ ሆኖ አንድ ጠጠር ያስበላል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ይደግማል፣ ሰውዬውም ደረቱን ነፍቶ ቤት ላለው ሁሉ ያወራል። ያውራ፣ ማን ይከለክለዋል። ይህን ሥራ ከያዘች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስንት ሺህ ሰው በውሸት እንዳስደሰተች እሷም አታውቀውም።

ዝምታ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ያወጣላት አናጺው አጎቷ ነው፤ በልጅነቷ ከሥራ ቦታው ጥግ ቁጭ ብላ ግማሽ ቀን አንድ ቃል ሳትተነፍስ የእንጨት ፍቅፋቂ ስትቆጥር አይቶ። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ መሥሪያ ቤት ሳይቀር ዝምታ ይሏታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሶ ዝምታው ሆዷ ገባ። ደስታም ሲነገራት ሐዘንም ሲነገራት ያው ነው፤ ሰምታ «እሺ» ትላለች። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። እንቅልፍሽ እንዴት ነው አላት፤ ደህና ነው አለችው። ምግብሽስ፤ ደህና ነው። እንግዲያው ደህና ነሽ አላትና ሌላ በሽተኛ ጠራ።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት የአጎቷ ሚስት ደወለች። ሁለቱ ቤቶች ከተኮራረፉ ጀምሮ ይህች ሴት ደውላ አታውቅም፤ ዝምታ ድምጿን ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«አጎትሽ ሆስፒታል ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሐኪሞቹ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው ያሉኝ። ወንድሜን ጥሩልኝ ይላል። አባትሽን እንደምንም ብለሽ አምጪልኝ።»

«እሺ እትዬ» አለች ዝምታ። ስልኩን ዘግታ የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ትንሽ ጠበቀች። ምንም የለም። ያሳደጋት አጎቷ ነው ግማሽ በግማሽ፤ በእጁ የሠራላት ወንበር አሁንም ቤቷ አለ፤ ምንም አልተሰማትም። አፈረች፣ ጃኬቷን አንሥታ ወጣች።

አባቷ ሰዓት ሰሪ ነው። ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ማንም ሰዓት ባያመጣለትም፣ ጠዋት ጠዋት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። አልጋውና የሥራ ጠረጴዛው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ሰው ነው የሚያልፈው። ነገሩን ነገረችው። ቀና አላለም።

የጠቡን ነገር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ወንድማማቾቹ እሑድ እሑድ ዳማ ይጫወቱ ነበር። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ እሑድ፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጠጠር ቀርቷቸው ሳለ፣ ታናሽየው ከጨዋታው መሐል ተነሣ፤ አባቷ «ፈሪ» አለው፤ ታናሽየው ኮቱን ለብሶ ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም። በቃ፣ ይኸው ነው። መሬት አልተካፈሉ፣ ሰው አልሞተባቸው፤ አሥር ጠጠር ነው።

«እየተረታ ተነሥቶ ከሆነ ፈሪ ነው፣ ልክ ነው ያልኩት» አለ አባቷ። «ይቅርታ የሚለኝ እሱ ነው። ስሸነፍ የነበርኩት እኔ ከሆንኩ ግን ወንድሜን በባዶ ሜዳ ነው የሰደብኩት፤ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ሲያሸንፍ የነበረ ሰው ነው ፈሪ የተባለው ማለት ነው።» መሳቢያውን ስቦ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አሥሩ ጠጠሮች በእርሳስ ተሥለውበታል፤ ያን ዕለት ማታውኑ የሣለው ነው። «ያንቺ ኮምፒውተር ይሄን አያቅተውም። ቁርጡን ንገሪኝና እኔም ቁርጤን ልወቅ።»

«አባዬ፣ ሰውዬው ሊሞት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

ሊሞት ለተቃረበ ወንድም ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ይባላል? እኔ ስም አላወጣለትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት በሽታ ነው፤ የያዘው ሰው ደግሞ መንገዱን ረስቶት ሳይሆን እግሩ ነው እምቢ የሚለው።

ዝምታ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አጠገቧ የሚቀመጠው ሥዓሊ፣ የጨዋታውን ጠጠርና ገበታ የሚሥለው ልጅ፣ ከትከሻዋ በላይ ያያል። አሰላለፉን አስገብታ ፕሮግራሙን እንዳይሳሳት አድርጋ ለቀቀችው። ሁለት ሰከንድ ፈጀበት። እኩል ነው አለ፤ ማንም አይበልጥም።

«ታዲያ ጨረስሽ» አለ ሥዓሊው። «እኩል ነው በይውና ይሂድ።»

«ግምት ነው። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ፊት ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ገምቶ ነው።»

«የሰው ልጅ ከግምት ሌላ ምን አለው? እኔ ሚስቴን ያገባሁት በግምት ነው።»

ዝምታ አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ ሰው የምታታልል ሴት፣ አባቷ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ሲጠይቃት ሁለት ሰከንድ የፈጀ ግምት ወስዳ ልትሰጠው ነው? አይሆንም። ይህን ስታስብ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ከወራት በኋላ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ ያዘችው። እልህ ነበር። እልህም ቢሆን ምንም ከማጣት ይሻላል ብላ ነው።

አባቷ ጋ ደወለች። «የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም አንድ ነገር ብሏል፤ ግን ግምት ነው።»

«ግምት ከሆነ እኔም አለኝ» አለ። «አሥራ ሰባት ዓመት ይዤዋለሁ። ቁርጡን አምጪ።»

ምን እንዳለ አልጠየቃት፤ እሷም አልነገረችው።

እንግዲህ የዳማ ነገር እንዲህ ነው። ገበታው ላይ ጠጠር በየትም ይቀመጥ በየት፣ መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ምንም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ወይ አንዱ ይረታል፣ ወይ ሌላው ይረታል፣ ወይ አቻ ይወጣሉ። ከእነዚህ ሌላ የለም። በወረቀት ላይ ማንኛውንም አሰላለፍ ማወቅ ይቻላል፤ ቁጭ ብሎ ሁሉንም መንገድ መቁጠር ነው። ሙሉው ጨዋታ ግን የአሰላለፉ ብዛት አምስት ተጽፎ ሃያ ዜሮ የሚከተለው ያህል ስለሆነ ቆጣሪው ሳይጨርስ የልጅ ልጁ ያረጃል። ይቻላል ማለትና ደረስኩበት ማለት ለየቅል ናቸው። አሥር ጠጠር ሲሆን ግን ተስፋ አለው። ከመጨረሻው ይጀመራል፦ ሁለት ጠጠር ሲቀር ማን እንደሚያሸንፍ ይመዘገባል፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት፣ እስከ ስድስት፤ ከዚያ ከአሥሩ ተነሥቶ እዚያ መዝገብ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ሁሉ ይፈተሻል። ዝምታ ቤቷ ያለው ኮምፒውተር ይህን በሦስት ቀን ይጨርሳል ብላ አሰላች። ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣች አስጀመረችው፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ማራገቢያው ሲጮህ አደረ፣ ሲጮህ ሰነበተ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አለቀ። አባቷ ያሸንፋል፤ በሠላሳ አንድ እርምጃ። እርምጃዎቹን በወረቀት አትማ ይዛለት ሄደች። ማለት የነበረባትን ታውቀዋለች፤ አንተ ነበርክ አሸናፊው፣ አሁን ይቅርታ አድርግለትና ሂድ። እንደዚያ ብላ ልትለምነው መንገድ ላይ ቃሉን ስትደረድር ነበር።

አባቷ ገበታውን ዘርግቶ ጠጠሮቹን ደረደረና ወረቀቷን እያየ መጫወት ጀመረ። ፊቱ በራ። አንደኛው እርምጃ፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ይቺን ጠጠር ለምን ይበላታል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወጥመድ ናት። በላት ማለት ሁለት አስበላ ማለት ነው። ወንድሜ እንዲህ ያለች ጠጠር አይበላም።»

«መብላት ግዴታ ነው አባዬ። ሕጉ ነው።»

«የእናንተ ሕግ ነዋ። እኛ ስንጫወት መብላት እያለበት ያልበላ ሰው ያቺ ጠጠሩ ትነሣበታለች፣ በቃ። አንድ ሰጥቶ ያመልጣል። እሱማ ሥራው ይሄ ነበር፤ ስንት ወጥመድ አበላሽቶብኛል።»

ዝምታ ወረቀቱን አየችው። ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት የስልክ ጨዋታ ሕግ ስለሆነ ሌላ ሕግ ሊኖር ይችላል ብላ እንኳ አላሰበችም። ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩ ሳይሳሳት የቆጠረው ማንም ያልተጫወተውን ጨዋታ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የአገር ሰው፤ እሷ ደግሞ ሳትቸኩል ነው ያፈሰሰችው።

«ለማንኛውም አሸንፈሃል» አለች፣ ይሄ እንደማይሆን እያወቀች።

«ያሸነፍኩት ሌላ ሰው ነው» አለ አባቷ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። ሽማግሌው ግትር ነው እንጂ አጭበርባሪ አይደለም፤ ይህን አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ሕጉን አስተካክላ እንደገና ጀመረች። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መብላት ግዴታ ሲሆን መንገዱ ጠባብ ነበር፤ ሰው አለመብላት ከቻለ ግን በየመታጠፊያው ሌላ መታጠፊያ ይከፈታል። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማስላት አልቻለችም። ማያው ላይ በመቶኛ ይቆጥራል፤ ቅዳሜ ማታ ሃያ ደረሰ፣ እሑድ አርባ አምስት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። አራት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ አጎቷ መስኮቱ ጋ ነው የተኛው። ያ ትከሻው የት እንደገባ እንጃ፤ አንሶላው ሥር የለም። ሚስቱ ወንበሯን ለቀቀችላት። አጎቷ ዓይኑን ገለጠና ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆን ብሎ በሩን አየ።

«ዝምታ» አለ። «አባትሽስ?»

«ይመጣል።»

«ምን ያዘው?»

ምን ትበለው? ኮምፒውተሩ አርባ አምስት ላይ ነው ትበለው? «ሥራ» አለችው።

«አሁንም ሰዓት ያመጡለታል? ጎበዝ ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ዝምታ እጁን ያዘች፤ መጋዝ የቆረጣት የጣቱ ጫፍ እንደ ድሮዋ ደነዝ ናት። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ቦታውን ፈልጋ አጣችው። ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብላ ወጣች። የአጎቷ ሚስት ኮሪደሩ ድረስ ተከትላት «አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትጠብቁት?» አለቻት።

ከዚያው ቀጥ ብላ አባቷ ጋ ሄደች።

«አባዬ፣ ቁርጡ ይቆይ። ዛሬ ሂድ።»

«ስንት ደረሰ?»

«አርባ ስድስት።»

«ግማሹ ሊሆን አይደል? ሲያልቅ ተነሥቼ እሄዳለሁ። የረታሁትም እንደሆን እሄዳለሁ፣ እሺ? ግን አውቄ ልሂድ። ምን ብዬ ልግባ? ፊቱ ቆሜ ምን ልበለው?»

ለመሄድ ወስኗል ማለት ነው። ዝምታ ይህን ሰምታ ልቧ መለስ አለላት፤ ያን ያህል ጊዜ አለን ብላ። የመቶኛው ቁጥር ግን ይዋሻል፤ የመጀመሪያው አርባ ቀላሉ ነው፣ የመጨረሻው አርባ አስቸጋሪው። ይህን እሷ ታውቃለች፣ ሥራዋ ነው። ለአባቷ ግን አልነገረችውም፤ ለራሷም ደግማ አልነገረችውም። ሰኞ ስልሳ አንድ ሆነ። ማክሰኞ ስልሳ አንድ። ሥራ ቦታ ሆና ስልኳ ላይ ትከፍተዋለች፤ ስልሳ አንድ። ሥዓሊው ምን እየጠበቀች እንደሆነ ስለሚያውቅ አልቀለደም።

ረቡዕ ጠዋት የአጎቷ ሚስት ደወለች። «አረፈ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ወቀሳ እንኳ የለም።

ዝምታ ለአባቷ ራሷ ሄዳ ነገረችው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ሰማት፤ «እሺ» አለ፣ ልክ እሷ እንደምትለው። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ዋለ። ማንም ና ቅረብ አላለውም፤ ማንም ሂድም አላለውም። የወንድሙ ሚስት በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አባትና ልጅ ያን ቀን ጠብታ አልወጣቸውም፣ ሰው ደግሞ ይህን ያያል።

ኮምፒውተሩን ማጥፋት ነበረባት። ለማን ነው የሚቆጥረው? ግን አላጠፋችውም፤ ለምን እንደሆነም ራሷን አልጠየቀችም። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ማራገቢያው ዝም አለ። ሰማኒያ ምናምን ላይ ሆኖ አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ተዘጋ። ሄዳ አየችው። አቻ ይላል። በየትኛውም በኩል ቢሞከር፣ ጠጠር ቢሰጥ፣ ቢበላ፣ ቢነሣ፣ ማንም ማንንም አይረታም።

ያኔ ነው ያስተዋለችው። ለእያንዳንዱ አሰላለፍ በገዛ እጇ ሦስት መልስ አዘጋጅታለች፤ ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ። አባቷ ግን የነገራት ስለ ሁለቱ ነው፤ ቢረታ ምን እንደሚያደርግ፣ ቢያሸንፍ ምን እንደሚያደርግ። አቻ ከሆነስ ብላ አልጠየቀችውም። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቢሆንም ሄደች።

አባቷ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ጠረጴዛው ጋ አልነበረም።

«አለቀ» አለችው። «አቻ ነው። ሁለታችሁም ሳትሳሳቱ ብትጫወቱ ማንም አያሸንፍም። በራሳችሁ ሕግ። ይሄ ግምት አይደለም።»

አባቷ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

«አቻ» አለ። «እሱም ያለኝ ይሄንኑ ነው።»

«ማን?»

«ወንድሜ። ያን ዕለት። ይሄ ነገር የትም አይደርስም፣ አቻ እንበልና እንነሣ አለኝ። አቻ የሚል ሰው እየተረታ ያለ ሰው ነው ብዬ ነው ፈሪ ያልኩት። የማሸንፍ መስሎኝ ነበር።»

ዝምታ ግድግዳውን ተደገፈች። «ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ይጠቅምሻል? ቁጥር ነው የምትፈልጊው ብዬ።»

ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ትታው፣ ወደ ቤቷ ሄዳ፣ ሰኞ ሥራዋን መቀጠል ትችል ነበር። ግን አንድ እውነት ለመንገር ብላ ነው እዚህ ሁሉ የደረሰችው፤ ግማሹን ትታ ልትወጣ አልቻለችም።

«አባዬ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም፣ እኩል ነው ብሎ ነበር። ማንም አይበልጥም ብሎ ነበር። በሁለት ሰከንድ።»

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

«ግምት ነው አልሽኝ።»

«ግምት ነበር። እርግጠኛ መሆን አልችልም ነበር።»

አባቷ መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ አያቸው። «የእሱም ግምት ነበር» አለ። «አቻ ነው ብሎ ገምቶ ነው። አንቺ ደውለሽ ያንኑ ቃል ብትነግሪኝ... ሌላ ነገር አልጠይቅሽም ነበር ልጄ። ያኔውኑ ኮቴን ለብሼ እሄድ ነበር።»

ዝምታ አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ልታለቅስ እንደሚገባት አወቀች፣ ጠበቀችው፣ አልመጣም። አባቷ ግን አለቀሰ፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ ለረጅም ጊዜ። እስኪጨርስ ድረስ እጁን ይዛ ተቀመጠች።